መንገድ ላይ ያገኟት ኤሊ፦ ምን ዓይነት ናት? ትወሰድ ወይስ ትተው?

ዝናብ ካባራ በኋላ በቦረና፣ በኮንሶ፣ በአርባ ምንጭ ወይም በአዋሽ በኩል በመኪና የሚያልፍ ሰው አስፋልት ላይ ኤሊ ቢያጋጥመው አይደንቅም። ለጋ ሣር ፍለጋም ሆነ እንቁላል የምትጥልበት ቦታ ፍለጋ በብዛት የምትንቀሳቀሰው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ኤሊዋ ከመኪናው ኋላ ትጫናለች፣ አዲስ አበባ ወይም ሌላ ደጋ ከተማ ግቢ ትገባለች፣ ክረምቱን ሳትጨርስ ትሞታለች። የሚወስዷት ሰዎች አብዛኞቹ ያዘኑላት ናቸው። ምን እንደምትበላና ምን ያህል ሙቀት እንደምትፈልግ ስለማያውቁ ነው የምትሞትባቸው።

ውሳኔውን ከወዲሁ እንናገረው፦ ጤነኛ ሆና በራሷ አገር የተገኘች ኤሊ አትወሰድም። የቀረው መመሪያ የራሷ አገር የት እንደሆነ፣ ጤነኛ መሆኗ በምን እንደሚታወቅ፣ ጤነኛ ካልሆነች ወይም ያለቦታዋ ከተገኘች ደግሞ ምን እንደሚደረግ የሚያሳይ ነው።

ስለ ቃላቱ አንድ ነገር። ከዚህ በታች «ልባስ» ስንል ኤሊዋን የሚሸፍናትን ጠንካራ አካል በሙሉ ማለታችን ነው፤ የጀርባ ልባስና የሆድ ልባስ አላት። «ቅርፊት» የምንለው በልባሱ ላይ እንደ ንጣፍ ድንጋይ ተገጣጥመው የሚታዩትን ክፍሎች ነው።

1. ከመንካትዎ በፊት

ሁለት ሦስት ሜትር ርቀው ይቁሙና አንድ ደቂቃ ያህል ይመልከቷት። ወዴት እያመራች ነው? አራቱንም እግሮቿን እኩል ታንቀሳቅሳለች? በአቅራቢያው ኩሬ፣ ወንዝ ወይም ጎርፍ የቆመበት ቦታ አለ? አቅጣጫዋን አሁኑኑ ይያዙ፤ ከነኳት በኋላ እግሯን ሰብስባ ስለምትቀመጥ መልሰው አያገኙትም።

ቀጥሎ ቦታውን ይመዝግቡ። የስልክዎን ካርታ ከፍተው ያሉበትን ነጥብ ጫን ብለው ይያዙትና የሚመጣውን ቁጥር ይጻፉት። ኤሊዋን በኋላ መመለስ ካስፈለገ «ከያቤሎ ወጣ ብሎ» የሚል ማስታወሻ አይረዳም፤ መመለስ ያለባት መቶ ሜትር እንኳ ሳይስት ነው። ይህን ቁጥርና ፎቶውን ማኅበራዊ ገጽ ላይ አይለጥፉት። ኤሊ የሚያሳድዱ ነጋዴዎችም እዚያው ያነባሉ።

አምስት ፎቶ ይበቃል፦ ከላይ፣ ከፊት ለፊት (ከአንገቷ በላይ ያለው የልባሱ ጠርዝ እንዲታይ)፣ ከጎን፣ ከኋላ (ጭኗና ጅራቷ እንዲታይ) እና ከሆዷ በኩል። ለመጨረሻው አይገልብጧት። በሁለት እጅ የልባሷን ግራና ቀኝ መሐል ላይ ይዘው ከመሬት አንድ ክንድ ብቻ ያንሷት፣ ሌላ ሰው ከሥር በፍጥነት ያንሣ፣ ወዲያው ይመልሷት።

ይህ ጥንቃቄ ምክንያት አለው። የየብስ ኤሊ ለደረቁ ወራት የሚሆናትን ውሃ በፊኛዋ ውስጥ ታጠራቅማለች። ስትደነግጥ ደግሞ ትለቀዋለች። ሰው አንስቶ ሲያዟዙራት እጁ ላይ የሚፈሰው ብዙ ፈሳሽ ያ ስንቋ ነው፤ በበጋ ከሆነ ሌላ ውሃ እስክታገኝ ድረስ የምትተካበት መንገድ የላትም። ስለዚህ የማይቀር ምክንያት ከሌለ አይነካኳት። ከለቀቀችው ደግሞ ከመልቀቅዎ በፊት ጠለቅ ባላለ ገበቴ ለብ ያለ ውሃ አድርገው ለ15 ደቂቃ ያቁሟት። ውሃው አንገቷ ከሚወጣበት በታች መሆን አለበት።

2. የየብስ ናት የውሃ?

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ብዙ ኤሊ የሚሞተውም እዚህ ላይ በሚፈጸም ስህተት ነው። «ኤሊ የውሃ እንስሳ ናት» ብሎ የየብስ ኤሊን ወንዝ ውስጥ የሚወረውር ደግ ሰው ብዙ ነው። የየብስ ኤሊ ለመዋኘት የተፈጠረች አይደለችም፤ ልትሰምጥ ትችላለች።

እግሯን ይመልከቱ። የየብስ ኤሊ እግር እንደ ዝሆን እግር ቀጥ ያለ ወፍራም ምሰሶ ነው፣ ጣቶቹ ተለይተው አይታዩም፣ ጥፍሮቹ አጫጭርና ደነዝ ናቸው፣ ከፊት እግሯ ላይ ደግሞ ሻካራ ወፍራም ቅርፊቶች ተደርድረዋል። የውሃ ኤሊ እግር ጠፍጣፋ ነው፤ ጣቶቿ ተለያይተው ይታያሉ፣ በመሐላቸው እንደ ዳክዬ ስስ ቆዳ ተዘርግቷል፣ ጥፍሮቿ ረዣዥምና ሹል ናቸው። የልባሱ ቅርጽም ይረዳል፦ የየብሷ ጉብ ያለ፣ የውሃዋ ዝቅና ለጥ ያለ ነው። ሆኖም እግሩ ከልባሱ ይልቅ የታመነ ምልክት ነው።

የውሃ ኤሊ ከውሃ ርቃ በደረቅ መሬት ብትገኝም አይሳሳቱ። በኢትዮጵያ ቆላ የሚኖሩት የኩሬ ኤሊዎች ኩሬው ሲደርቅ ወይ ወደ ሌላ ይጓዛሉ፣ ወይ ጭቃ ውስጥ ተቀብረው ዝናብ ይጠብቃሉ። በግንቦት መሬት ሲቆፍር ኤሊ ያገኘ ገበሬ ያገኘው ምናልባት እሷን ነው። አፈሩን መልሶ መክደን ነው፤ የሞተች ብትመስልም አልሞተችም።

3. የየብስ ከሆነች

በኢትዮጵያ ሊያጋጥምዎ የሚችለው ሦስት ዓይነት ነው፦ ነብርማ ኤሊ (ስቲግሞኬሊስ ፓርዳሊስ)፣ ባለ እሾህ ጭን ኤሊ (ሴንትሮኬሊስ ሱልካታ) እና ባለ ማጠፊያ ኤሊ (ኪኒክሲስ ቤሊያና)። ከሦስቱ በብዛት የምትታየው ነብርማዋ ናት፤ በስምጥ ሸለቆ፣ በደቡብና በምሥራቅ ቆላ ተሰራጭታ ትኖራለች።

መለየት የሚጀመረው ከአንገት በላይ ነው። የጀርባ ልባሷን የፊት ጠርዝ ትይዩ ሆነው ይመልከቱ። ዳር ዳሩን የተደረደሩት ትንንሽ ቅርፊቶች ከግራና ከቀኝ መጥተው አንገቷ ላይ ይገናኛሉ። በሚገናኙበት መሐል አንዲት ጠባብ፣ የጣት ጥፍር የምታክል ቅርፊት ገብታ ካዩ የአንገት ቅርፊት አላት፤ ባለ ማጠፊያዋ ናት ማለት ነው። ሁለቱ ወገኖች መሐላቸው ምንም ሳይገባ ተጋጥመው፣ መጋጠሚያው ላይ የተቆረሰ የሚመስል ጎድጎድ ያለ ቦታ ካለ የአንገት ቅርፊት የላትም፤ ከነብርማዋና ከባለ እሾኋ አንዷ ናት።

የባለ ማጠፊያዋን ማረጋገጫ ከጀርባዋ ያገኙታል። ከልባሷ ወደ ኋላ ሁለት ሦስተኛው ላይ፣ ከጎን ወደ ላይ የሚወጣ መጋጠሚያ አላት፤ ስትሰጋ የኋላውን ክፍል እንደ በር ዝቅ አድርጋ እግሯንና ጅራቷን ትዘጋበታለች። ግልገሎቿ ላይ ማጠፊያው ገና አልወጣም፣ ስለዚህ በትናንሾቹ ላይ የአንገት ቅርፊቱን ይመኑ። ትልቋ እንኳ 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ናት። ጣትዎን ከማጠፊያው ሥር አያስገቡ።

ነብርማዋንና ባለ እሾኋን መለየት በልጅነታቸው ቀላል ነው። የነብርማዋ ግልገል ገለባ በሚመስል ቢጫ ላይ በየቅርፊቱ ጥቁር ነጠብጣብ አላት፤ ነጠብጣቡ እያደገች ስትሄድ ይበታተንና እንደ ነብር ቆዳ ይሆናል። የባለ እሾኋ ልባስ አሸዋማ ቡናማ ብቻ ነው፣ ነጠብጣብ የለውም። ችግሩ ያረጀች ነብርማ ላይ ነው፤ ጥቁሩ ይለቅና ደብዛዛ ግራጫ ሆና ባለ እሾኋን ትመስላለች። ያኔ ሦስት ነገር ያመሳክሩ፦

ከኋላ ሆነው ጭኗን ይመልከቱ። ባለ እሾኋ በጭኖቿና በጅራቷ መሐል ሁለት ወይም ሦስት ትልልቅ ሾጣጣ እሾሆች አሏት፤ ነብርማዋም እብጠት የሚመስሉ ትንንሾች ሊኖሯት ስለሚችል መኖራቸውን ሳይሆን ትልቅነታቸውን ይመልከቱ። ቀጥሎ ከጎን ይመልከቷት፤ ነብርማዋ እንደ ጎጆ ክዳን ከፍ ትላለች፣ ባለ እሾኋ ሰፊና ከላይ ለጥ ያለች ናት። በመጨረሻ ከአገጯ ሥር የሆድ ልባሷ ጫፍ ሁለት ሹካ ሆኖ ወደ ፊት ጎልቶ ከወጣ ባለ እሾኋ ናት፤ በወንዱ ላይ ይህ በጣም ይጎላል፣ የሚዋጋበት ነው።

መጠናቸውም ይለያያል። ነብርማዎቹ ብዙዎቹ ከ30 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ናቸው፣ ከዚያ የሚበልጡም አሉ። ባለ እሾኋ እስከ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ወንዱ እስከ 100 ኪሎ ይደርሳል፤ ከጋላፓጎስና ከአልዳብራ ኤሊዎች ቀጥሎ በዓለም ሦስተኛዋ ትልቅ የየብስ ኤሊ ናት። ሜትሮች የሚረዝም ጉድጓድ ቆፍራ ትኖራለች፤ ነብርማዋ አትቆፍርም። ባለ እሾኋ ለመጥፋት ከተቃረቡት ስለሆነች ያገኟት መስሎዎት ከሆነ ፎቶውንና የቦታውን ቁጥር ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለቅርብ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያድርሱ፤ የት የት እንደቀረች ማወቅ ራሱ ሥራ ነው።

ዕድሜዋን በቅርፊቷ ክቦች አይቁጠሩ። ዝናብ ሁለቴ በሚዘንብበት አገር በዓመት ሁለት ክብ ልታወጣ ትችላለች፣ በድርቅ ዓመት ምንም፣ ካረጀች በኋላ ደግሞ ይፋቃሉ። ጾታዋ ግን ይታወቃል፤ የወንዱ ሆድ ወደ ውስጥ ሰርጎድ ያለ ነው፣ ጅራቱም ረዥምና ወፍራም ነው፤ የሴቷ ሆድ ለጥ ያለ፣ ጅራቷ አጭር ነው። ይህ ለውሳኔው ይጠቅማል። በዝናብ ወቅት ለብቻዋ ስትጓዝ የተገኘች ትልቅ ሴት እንቁላል ልትጥል እየሄደች ሊሆን ይችላል፤ ነብርማዋ በአንድ ጊዜ ከ5 እስከ 30 እንቁላል ትጥላለች። እሷን የጫነ ሰው እነሱንም ጭኗል።

4. የውሃ ከሆነች

እዚህ ያለው መለያ አንገት አሰባሰቧ ነው። የኢትዮጵያ የኩሬና የወንዝ ኤሊዎች፣ ፔሎሜዱሳና ፔሉሲዮስ የሚባሉት ሁለቱ ወገኖች፣ አንገታቸውን ወደ ጎን አጥፈው ከልባሱ ጠርዝ ሥር ይከቱታል። ሁለቱን ለመለየት ከሆዷ በኩል ያነሡትን ፎቶ ይመልከቱ፤ የፔሉሲዮስ የሆድ ልባስ የፊተኛው ክፍል በማጠፊያ ከፍ ብሎ አፉን ይዘጋል፣ የፔሎሜዱሳ አይንቀሳቀስም። ፔሎሜዱሳ ስትያዝ መጥፎ ሽታ ትለቃለች፣ ትነክሳለችም። ድሮ ከአፍሪካ ቀንድ እስከ ደቡብ አፍሪካ ያሉት ፔሎሜዱሳዎች ሁሉ አንድ ዝርያ ይባሉ ነበር፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ የዘረመል ጥናት ግን ቢያንስ አሥር ዝርያ መሆናቸውን አሳይቷል። ከአንዱ ወንዝ አንስቶ ሌላ ወንዝ መልቀቅ ጥፋት የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ በዓይን አንድ የሚመስሉት አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

ቅርፊት የሌላት፣ ልባሷ እንደ እርጥብ ቆዳ የለሰለሰ፣ አፍንጫዋ እንደ ቱቦ የሾለ፣ በየእግሯ ሦስት ጥፍር ብቻ ያላት ትልቅ ኤሊ ካዩ የናይል ለስላሳ ልባስ ኤሊ ናት። በኦሞ ወንዝና በቱርካና ሐይቅ ትኖራለች። ይህችን በእጅ አይንኩ። አንገቷ ረዥም ስለሆነ ጎኗን የያዘውን እጅ ዞራ ትደርስበታለች፣ ንክሻዋም ከባድ ነው። መረብ ውስጥ ከገባች መረቡን ቆርጦ ማስለቀቅ ይሻላል።

አንገቷን ቀጥ አድርጋ ወደ ውስጥ የምትስብ፣ ባለ ሸንተረር እግር፣ ከዓይኗ ኋላ ቀይ መስመር ያላት የውሃ ኤሊ ደግሞ የኢትዮጵያ አይደለችም። መነሻዋ አሜሪካ የሆነች፣ በቤት እንስሳነት በዓለም የተሸጠች ኤሊ ናት። ወደ ወንዝ ወይም ሐይቅ መልቀቅ የለባትም፤ የአገሩን ኤሊዎች ምግብና ቦታ ትቀማለች።

5. ጤንነቷን መመርመር

ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ዓይኗ የተገለጠና ጥርት ያለ መሆን አለበት። አፍንጫዋ ላይ አረፋ ወይም ዝልግልግ ፈሳሽ ካለ፣ አፏን ከፍታ አንገቷን እየዘረጋች የምትተነፍስ ከሆነ የሳንባ ምች ይዟታል። ሲያነሷት ከመጠኗ ከብዳ ልትሰማዎ ይገባል፤ ባዶ ሣጥን የምትመስል ከሆነ ርቧታል ወይም ደርቃለች። ልባሷን በአውራ ጣት ሲጫኑት ከተለጠጠ (ከለስላሳ ልባሷና ከግልገሎች በስተቀር) የካልሲየም እጥረት ነው፤ ይህ ደግሞ በዱር እምብዛም ስለማይታይ ከሰው ቤት ያመለጠች ሊሆን ይችላል።

ከእግሯና ከአንገቷ ሥር መዥገር ይፈልጉ። ጥቂት መዥገር የተለመደ ነው፤ ኤሊዋን ለመውሰድ ምክንያት አይሆንም፣ ላለመውሰድ ግን ይሆናል። ከእነዚህ መዥገሮች መሐል ሀርትዎተር የሚባለውን የከብት፣ የበግና የፍየል በሽታ የሚያስተላልፉ አሉ። አሜሪካ በ2000 እ.ኤ.አ. ነብርማዋ፣ ባለ እሾኋና ባለ ማጠፊያዋ፣ ሦስቱም ወደ አገሯ እንዳይገቡ የከለከለችው በዚህ ምክንያት ነው። ከቆላ የመጣች ኤሊን በጎች ባሉበት ግቢ መልቀቅ ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ ይረዱ።

ሲጨርሱ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ጤነኛ ኤሊም ሳልሞኔላ ይኖርባታል፤ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊነካት፣ ያረፈችበት ዕቃም ከምግብ ዕቃ ጋር ሊታጠብ አይገባም።

6. ውሳኔው

በራሷ አገር ናት፣ ጤነኛ ናት፦ ይተዉአት። ግልገልም ብትሆን። የኤሊ ግልገል ከእንቁላል ከወጣችበት ቀን ጀምሮ ራሷን ችላ የምትኖር ናት፤ እናቷ የጠፋችባት መስሎዎት አይውሰዷት።

መንገድ ላይ ናት፦ መኪናዎን ዳር አቁመው፣ የራስዎን ደኅንነት አይተው፣ በሁለት እጅ ይዘው፣ ከመሬት ብዙ ሳያርቁ ወደምታመራበት አቅጣጫ ያሻግሯት። ከአስፋልቱ ከ10 እስከ 15 ሜትር ርቀው ቁጥቋጦ ሥር ያስቀምጧት። ወደመጣችበት ከመለሷት ተመልሳ መንገዱ ውስጥ ትገባለች። በጅራቷ አይያዟት፤ የጀርባ አጥንቷ ቅጥያ ነው።

ደጋ ከተማ ውስጥ ናት፦ ነብርማ ኤሊ ራሷ ተጉዛ አዲስ አበባ አትገባም፤ ሰው ያመጣት ናት። እንጦጦ ወይም መናገሻ ጫካ መልቀቅ ብርድ ላይ መጣል ነው። ወደ ቆላ ወስዶ መልቀቅም መፍትሔ አይሆንም፤ ሰው ቤት የያዛትን በሽታ ለዱሮቹ ታስተላልፋለች። ይህችን ባለሥልጣኑ ይረከባታል።

ሰው ሊሸጥልዎ ይዟታል፦ አይግዙ። ከዚህ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው፤ ገመድ ታስራ ያለችን ኤሊ አልፎ መሄድ ያማል። ግን ለአንዷ የከፈሉት ገንዘብ ነገ ሁለት ያስመጣል። ቦታውንና ሰዓቱን መዝግበው ለፖሊስ ወይም ለባለሥልጣኑ ያሳውቁ።

ተጎድታለች፦ ቀጣዩን ክፍል ይከተሉ።

ሕጉም ከዚህ ጋር ይስማማል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘትን ወንጀል አድርጎታል፤ ኤሊም ከዚያ አትወጣም። ኢትዮጵያ ዓለም አቀፉን የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት (ሳይተስ) የፈረመች አገር ናት፤ ሦስቱም የየብስ ኤሊዎቻችን በሁለተኛው ሰንጠረዥ ተመዝግበዋል፣ ያለ ፈቃድ ድንበር አያልፉም።

7. ልባሷ የተሰነጠቀ ከሆነ

ልባስ ቤት አይደለም፤ አጥንት ነው። የጎድን አጥንቷና የጀርባ አጥንቷ ከውስጥ በኩል ከእሱ ጋር ተዋህደዋል፣ ደምና ነርቭም አለው። ስለዚህ ስንጥቅ የአጥንት ስብራት ነው፤ ገመድ ለማሰር መብሳትም እንዲሁ ያማታል።

የሚደማ ከሆነ በንጹሕ ጋዝ ለአምስት ደቂቃ ጫን አድርገው ይያዙት። ቆሻሻውን ከፋርማሲ በሚገኝ 0.9 በመቶ የጨው ውሃ (ኖርማል ሳላይን) እያንጠባጠቡ ያጽዱ። ቤታዲን ካለ አንዱን እጅ በአሥር እጅ ውሃ በጥብጠው፣ ቀጭን ሻይ ሲመስል፣ ዳር ዳሩን ይጥረጉበት። ከዚያ በጋዝ ሸፍነው በሕክምና ፕላስተር ሳያጠብቁ ይያዙት።

ስንጥቁ ጀርባዋ ላይ ከሆነ ውሃ አያፍስሱበት፣ ገበቴ ውስጥም አያቁሟት። የኤሊ ሳንባ ከጀርባ ልባሷ ሥር ተጣብቆ ያለ ስለሆነ የሚገባው ፈሳሽ ሳንባ ውስጥ ሊደርስ ይችላል። ሱፐር ግሉ፣ ሲሚንቶና ኤፖክሲ ክልክል ናቸው፤ ቆሻሻውን ከውስጥ ቆልፈው ያመግሉታል። ዝንብ እንዳይደርስባት በመረብ ይሸፍኗት፤ ትል በአንድ ቀን ይፈለፈላል። ከዚያ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ይውሰዷትና ለባለሥልጣኑ ይደውሉ። በሆለታ አቅራቢያ ያለው እንስሳ ኮቴ የተባለው የቦርን ፍሪ (የዱር እንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት) ማዕከል ከሕገወጥ ዝውውር የተያዙና የተጎዱ የዱር እንስሳት የሚጠለሉበት ነው፤ ወደዚያ የሚያደርሰውም መንገድ በባለሥልጣኑ በኩል ነው።

8. እስኪረከቧት ድረስ ማቆየት

ይህ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ነገር ነው። ከእሷ እጥፍ የሚረዝም ካርቶን ይፈልጉ፣ ጎኑን ይብሱ፣ ከሥር ጋዜጣ ወይም ደረቅ ሣር ያንጥፉ። ጨለም ያለ፣ ጸጥ ያለ፣ ውሻ የማይደርስበት ክፍል ያስቀምጡት፤ ውሻ ኤሊን እንደ አጥንት ያኝካታል። በደጋ ሌሊት የሁለት ሊትር ላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልተው፣ በፎጣ ጠቅልለው፣ በካርቶኑ አንድ ጎን ብቻ ያድርጉ፤ ሲሞቃት ወደ ሌላው ጎን እንድትሸሽ። ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ይበቃታል።

በመጀመሪያው ቀን አይመግቧት። በሁለተኛው ቀን ለየብስ ኤሊ ሰርዶ ይስጧት፤ ከግቢ የታጨደ፣ መድኃኒት ያልተረጨበት። የበለስ ቅጠልም እሾሁ ተጠርጎ ይሆናል። በለስን ከቁልቋል ይለዩ፤ የቁልቋል ነጭ ወተት መርዝ ነው፣ ዓይንና አፍ ያቃጥላል። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ወተት፣ ሥጋና አቮካዶ አይሰጡም። የኤሊ አንጀት ቃጫ የበዛበትን ሣር ለማብላላት የተሠራ ነው፤ እንጀራ ሲገባበት ሆዷ ይነፋል፣ ተቅማጥ ይይዛታል።

የውሃ ኤሊን በረጠበ ጨርቅ ላይ ያስቀምጧት፣ ወይም ጣት ሁለት ጣት በሚሞላ ውሃ። ጥልቅ በርሜል ውስጥ ከጨመሯት፣ የደከመች ከሆነች፣ እሷም ልትሰምጥ ትችላለች።

9. ግቢ ውስጥ የማይሆነው ለምንድን ነው

ነብርማ ኤሊ እንደ አውሮፓ ኤሊዎች ክረምቱን ተኝታ የምታሳልፍ አይደለችም። ዓመቱን ሙሉ ትበላለች፣ ለማብላላትም ቀን ከ28 እስከ 32 ዲግሪ ሙቀት ትፈልጋለች። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ፀሐይ ሳይወጣ ሳምንት ያልፋል፣ መሬቱ እርጥብ ነው። የበላችው ሣር ሆዷ ውስጥ ሳይፈጭ ይቀመጣል፣ ሳንባዋ ይመታል። ባለቤቱ የሚያየው «አትበላም፣ ትተኛለች» የሚለውን ብቻ ነው፤ ክረምት ስለሆነ ነው ብሎ ይተዋታል፣ በጠዋት ሞታ ያገኛታል። ቤት ውስጥ በመስኮት ፀሐይ ማሞቅም አይተካውም፤ መስተዋቱ ለአጥንቷ የሚያስፈልገውን የፀሐይ ጨረር ያስቀረዋል።

የምትበላው ቀጥሎ ይመጣል። ጥቅል ጎመንና ቆስጣ ብቻ የምትበላ ኤሊ ልባሷ ጎርበጥባጣ ወይም ለስላሳ ይሆናል፤ ቆስጣ ውስጥ ያለው ኦክሳሌት ካልሲየሙን አስሮ ያስወጣዋል። በዱር ነብርማዋ ካልሲየም ሲያንሳት የደረቀ አጥንትና የጅብ ኩስ ታኝካለች። ከዚህ ሁሉ ብትተርፍ ደግሞ ከ50 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች። ልጅዎ ዛሬ የጠየቀዎትን ኤሊ ማን እንደሚወርሳት ከአሁኑ ማሰብ ይገባል።

10. በውጭ አገር ላላችሁ

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ከዝናብ በኋላ ከቤታችሁ ጀርባ የምታገኟት ጉብ ያለች፣ ቢጫና ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያላት ትንሽ ኤሊ የነብርማዋን ግልገል ብትመስልም ቦክስ ተርትል ናት። የሆድ ልባሷ በማጠፊያ ፊትና ኋላውን ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ዕድሜዋን በሙሉ በጥቂት መቶ ሜትር ክልል የምትኖር ናት፤ ሌላ መናፈሻ ከወሰዷት ቤቷን ፍለጋ መንገድ ስታቋርጥ ትሞታለች። በእስራኤል የምታገኟት የየብስ ኤሊ በሕግ የተጠበቀች ናት፤ ከሜዳ አንስቶ ቤት ማስገባት ክልክል ነው። ከየትም ይሁን ከየት የየብስ ኤሊን በሻንጣ ይዞ ድንበር ማለፍ የሳይተስ ፈቃድ ይጠይቃል።

11. ለዓመታት ግቢዎ ውስጥ የኖረች ከሆነች

ይህን ያነበበ ሰው ደንግጦ ነገውኑ ወስዶ ጫካ እንዳይለቃት እንለምናለን። የለመደች ኤሊ የት ውሃ እንዳለ፣ የት እንደምትሸሸግ አታውቅም፤ ሰው ሲያይም ወደ እሱ ትሄዳለች። ለባለሥልጣኑ በጽሑፍ ያሳውቁ። ከየት እንደመጣች፣ በየት ዓመተ ምሕረት፣ ምን ስትበላ እንደኖረች፣ ከሌላ ኤሊ ጋር ነበረች አልነበረችም የሚለውን ከአምስቱ ፎቶ ጋር አያይዘው ያቅርቡ። መልስ እስኪመጣ ሰርዶውን ያብዙላት፣ ቆስጣውን ይቀንሱ፣ የእንቁላል ቅርፊት ቀቅለው አድርቀው ፈጭተው በሳምንት ሁለቴ ቁንጣሪ ያህል በሣሯ ላይ ይነስንሱላት። ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ቤት ያስገቧት፣ ከሲሚንቶው ወለል ላይ ሳይሆን ከድርቆሽ ላይ ያሳድሯት፤ ጠዋት የምታወጧትም ፀሐዩ መሬቱን ካሞቀው በኋላ ይሁን።